ይማም በአሥራ ስድስት ቆመ

ሐምሌ 6፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬም ይማም በላኝ። ሁለት ሱሪ አጠበብኩ፣ አንድ ኮት ገለበጥኩ፣ የስፌት መኪናዬን ከደንኩ፣ ከዚያ ካርታ። በረንዳዬ ላይ፣ እንደ ወትሮው። የምንጫወተው በሽምብራ ቆሎ። ገንዘብ ሐራም ነው። ሽምብራ ግን ተሸነፍክም አሸነፍክም ይበላል። ይህን ክርክሬን ለሼኹ ባቀርብላቸው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሳቁ ማለት ፈቀዱ ማለት ነው ብዬ ይዣለሁ።

ደብተሬ ሆይ፣ አንተ ካርታ አታውቅም፤ ልንገርህ። ጨዋታው ሃያ አንድ ነው። ባለ ሥዕሉ አሥር ይቆጠራል። ወደ ሃያ አንድ የተጠጋ ይበላል፣ ያለፈ ይቃጠላል። እኛ ደስ ባለን ላይ እንቆማለን። አዳዩ ግን ምርጫ የለውም። እስከ አሥራ ስድስት ይጨምራል፣ ከአሥራ ሰባት ጀምሮ ይቆማል። ያስተማረን መኪናው ተሰብሮበት ቆቦ የከረመ የአሰብ ሾፌር ነው። አዳያችን ሁልጊዜ ይማም። አብሮ አደጌ።

ዛሬ እኔ አሥራ ስምንት ይዣለሁ፣ እሱ አሥራ ስድስት። ለመንኩት። በልጅነታችን፣ በሰረቅነው ሸንኮራ፣ አብረን በበላነው ዱላ፣ ቁም ብዬ ለመንኩት። ጨመረ። አምስት! ሃያ አንድ ሞላ። «የእናቴ ልጅም ብትሆን ሕጉ ያው ነው፣ አንተ ሁሴን» አለና ሽምብራዬን አፈሰ። ሰደብኩት። በልቤ ግን ኮራሁበት። ጎርፉን የሚያካፍል የውሃ አባት አድርገን የመረጥነው ለዚሁ ነው።

ሐምሌ 9፣ ጠዋት

ዘይነባ መጣች፣ የእህቴ ልጅ። ባሏ ዘማች ነው፤ ወሬው ከጠፋ ከረመ። ማሽላዋ ጉልበት ደርሷል፣ ግን ቅጠሉ መጠቅለል ጀምሯል። አንድ ጎርፍ ካልጠጣ አበቃለት። ያ ማሽላ ካበቃለት ልጆቿን ይዛ ከመንገድ ዳር ልትቀመጥ ነው። ያንን በሰባ ሰባት አይተናል። አልጽፈውም።

ጎርፍ ሲመጣ መጥለፊያው ላይ ቆሞ ውሃውን በየማሳው የሚመራው ይማም ነው። እዚያም ሕግ አለ፦ ያለፈው ጎርፍ ካበቃበት ማሳ ቀጥሎ ያለው ይጠጣል። ባለፈው ያበቃው ከዘይነባ በላይ ያለው ድንበር ላይ ነው። ስለዚህ ተራው የሷ።

መጥለፊያው ላይ ሄዳ ማደር ፈለገች። ሳቅኩባት። አንቺ እዚያ ብትቆሚ ጎርፉ ደንግጦ ወደ ላስታ ይመለሳል አልኳት። «አጎቴ፣ ቀልዱን ተወኝ፣ ልሂድ ወይ?» አለች። አትሂጂ፣ ይማም አለልሽ፣ ለኔ ያላጠፈውን ሕግ ለማንም አያጥፍም አልኳት። አመነችኝ። ሄደች።

ሐምሌ 11

ሾፌሩ ከአሰብ ሲመለስ ሻይ ሊጠጣ ቆመ። በወጣትነቱ አሥመራ፣ የጣሊያኖች ቁማር ቤት ውስጥ ካርታ ያድል ነበር። ሲያሳክከኝ የነበረውን ጠየቅኩት፦ አዳዩ ለምን እንደኛ አያስብም? ጭንቅላት የለውም?

ሾፌሩ ሳቀ። ቤቱ የአዳዩን ጭንቅላት አይፈልገውም አለኝ። ተጫዋቹ ቀድሞ ስለሚጨምር ቀድሞ ይቃጠላል። ኋላ አዳዩም ቢቃጠል የሱ አይመለስለትም። ቤቱ ከዚያ ይጠግባል። ደግሞ ሦስት ሰው ፊትህ ተቀምጦ በአሥራ ስድስት ብትቆም አንዱን ትበላለህ፣ ለሌላው ትሸነፋለህ። ማንን እንደምትጠቅም መረጥክ ማለት ነው። የመረጠ አዳይ ዘመድ ያወጣል፤ ባለቤቱም ሌሊቱን ሙሉ ከኋላው ሊቆም አይችልም።

ሊነሳ ሲል አንድ ጨመረልኝ። አዳዩም ሕጉን ይወደዋል አለ። ትልቅ ሰው ተሸንፎ ሲያፈጥበት ሕጉን ያሳየዋል። እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው ይላል። ጥላ ነው አለኝ።

ሐምሌ 14፣ ወደ 10 ሰዓት

ተናድጃለሁ። በሽምብራ! ይሳቅብኝ።

ሊ/መ መጣ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር። ስሙን አልጽፍም፣ ደብተርም ይፈተሻል። ሽጉጡን አስተካክሎ ተቀመጠ፣ እኔንም አጫውቱኝ አለ። ይማም አደለ። ሊ/መ በአሥራ ሰባት ቆመ። እኔ አሥራ አምስት ደረሰኝ። ብጨምር እቃጠል ይሆናል። ይማም ይጨምራል፣ ይቃጠላል ብዬ ሕጉን አምኜ ቆምኩ።

ይማም ካርታውን ገለጠ። አሥራ ስድስት። እጁ ወደ ክምሩ ሄደ። ሊ/መን አየ። እጁ ተመለሰ። «በቃኝ፣ ቆምኩ» አለ።

በአንድ እጅ የኔን ወሰደ፣ በሌላው ለሊ/መ ሰጠ። ሊ/መ ሽምብራውን እየቆረጠመ «ጓድ ሁሴን፣ ዛሬ ምላስህ የት ሄደ?» አለኝ። ሰፍቼዋለሁ አልኩት። ሁሉም ሳቀ። ይማም አልሳቀም፤ አላየኝምም።

ሽምብራ ነው። ሽምብራ ብቻ ነው፣ አይደል ደብተሬ?

ሐምሌ 17፣ ጠዋት

አይደለም።

ትናንት ከሰዓት የላስታ ተራራ ጠቆረ። ጎርፉ እያገሳ ወረደ። ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ወደየማሳው ሮጠ። ዘይነባ ማሳዋ ውስጥ ቆማ ጠበቀች፤ አትሂጂ ብያታለሁና። እስኪመሽ ጠበቀች። አንድ ጭልፋ አልደረሳትም። ውሃው በሙሉ ወደ ሊ/መ ማሳ ገባ። ባለፈው የጠጣው፣ ዛሬም ጥቁርና እርጥብ የሆነው ማሳ።

እግሯን ጭቃ እንኳ ሳይነካው መጣች። ባለቀሰች ይሻለኝ ነበር። «አጎቴ፣ ይማም አለልሽ አላልከኝም?» ብቻ አለች። 

ሐምሌ 18

መጣ። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመ፤ ተቀመጥ አላልኩትም። አሰላሙ አለይኩም ሲለኝ መልሱን በአፌ ውስጥ አኘክሁት። የሰላምታ ዕዳ እንዳይሆንብኝ እንጂ ለሱማ አልመልስም ነበር።

ነገረኝ። ሊ/መ ለውትድርና ሰው ሊያወጣ ነው። የይማም ልጅ አሊ ዕድሜው ደርሷል። ሊ/መ ምንም አላዘዘውም አለ። «አሊ እንዴት ጎረመሰ!» ብቻ ብሎታል። ሁለት ጊዜ። አንዴ በጎብዬ ገበያ፣ አንዴ መጥለፊያው ላይ ውሃው ሲደርስ።

 የኔ ልጅ ቢሆን ምን አደርግ ነበር? አላውቅም። ማወቄም ንዴቴን አልቀነሰውም። ይልቅ ጨመረው! ክፉ ቢሆን ጠልቼው አርፍ ነበር። ይልቅስ ለምን አልነገርከኝም አልኩት፣ ልጅቷን መጥለፊያው ላይ ልኬ አቆማት ነበር እኮ። መሬት መሬት አየ። አፍሬ ነው አለ። ካርታውን ከኪሱ አውጥቶ የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠና ሄደ።

አልነካሁትም። እዚያው ነው።

ሐምሌ 20፣ ከሰዓት በኋላ

ሦስት ቀን ሳልቀልድ ዋልኩ። ደንበኞቼ ታመመ ብለው ጠየቁኝ።

የሾፌሩ ነገር አልለቀቀኝም። ጥላ ነው ያለው። ይማም ያን ቀን መጥለፊያው ላይ ብቻውን ነበር፤ ጥላ አልነበረውም። ሕጉን ጮኾ የሚናገርለት አንድ ሰው ቢኖር ሊ/መን ዞር ብሎ «እኔ አይደለሁም፣ ሰዉ ነው» ይለው ነበር። እኛ ደግሞ ሁላችንም በየማሳችን ቁመን ነበር፣ እንደ ተጫዋች፣ ለየራሳችን ወደ ሃያ አንድ እንጠጋለን ብለን።

ዛሬ ከመስጊድ ሲወጡ ውሃ ተጋሪዎቹን አንድ በአንድ ያዝኳቸው። ሥራዬን ታውቃለህ፣ አሳቅኳቸው መጀመሪያ። ከዚያ ነገርኳቸው። ዛሬ ለዘይነባ የታጠፈ ነገ ለእናንተ ይታጠፋል አልኳቸው። የሚቀጥለው ጎርፍ ሲመጣ ሁላችን መጥለፊያው ላይ እንቆማለን። ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነኝ። ተራው የዘይነባ ነው እላለሁ። ሊ/መ ጥርስ ሊነክስ ሲፈልግ እኔን ያገኛል እንጂ ይማምን አይደለም። ከኔ የሚወስደው ወንድ ልጅ የለኝም። ያለኝ አንዲት የስፌት መኪና ናት፤ እሷም እየዘለለች ነው የምትሰፋው። ይውሰዳት።

ይቅር ብዬው አይደለም። ይህን ጻፍልኝ። ካርታውንም አልመልስለትም። አሊ ግን በጀርባዬ ተሸክሜ ያሳደግኩት ነው።

ቆይ። ነፋሱ ዞሯል። ተራራው ጠቁሯል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ዘይነባ ሁለት አካፋ ይዛ በር ላይ ቆማለች፣ አንዱ ለኔ። «አጎቴ፣ ድምፁ ይሰማሃል?» ትላለች። ይሰማኛል። ይማም ከፊታችን እየሮጠ ወደ መጥለፊያው ሲያልፍ አየሁት፣ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። አሁን እሄድና በሰው ሁሉ ፊት «ይማም፣ አሥራ ስድስት ነህ፣ ጨምር!» እለዋለሁ።