በግብዣው ላይ የተነፋው ዛጎል

ለምወድሽ ልጄ ለኔሪሳ፣ ባሕሩን ያበጀው አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። ፍየሏ ወልዳለች፤ ጣራው ግን አሁንም ያፈሳል። ይህን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት! የማታ አስተማሪያችን እንኳ "ሚስ ኦሊቪን፣ ፊደልሽ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል" ብሎኛል፤ ሌሎቹ በቅናት አረሩ።

ቅዳሜ እዚህ ባሕሩ ዳር የሚኖሩት ፈረንጆች በየዓመቱ ሌላ ሰው መስለው ለሚለባበሱበት ግብዣ ጠሩኝ። አባትሽን ባሕር ከወሰደብን ወዲህ ጨፍሬ አላውቅም። ወንድምሽ ኦርቪን ግን ሎብስተር ሊያጠምድ ወደ ባሕር ሲወጣ "እማዬ፣ ዛሬ እንኳ ተዝናኚ" አለኝ። የመስኮታችንን መጋረጃ ለብሼ፣ የወረቀት ዘውድ ደፍቼ ንግሥት ሆንኩ። ስጨፍር ወጣቶቹ ደከሙ፣ እኔ አልደከምኩም!

ጀምበር ስትጠልቅ ሄልሙት፣ ያ ባሕር ላይ ዋና የሚያስተምረው ፈረንጅ፣ የባሕር ንጉሥ ነኝ ብሎ ትልቅ ዛጎል ሦስት ጊዜ ነፋ። እዚህ ዛጎል ሦስቴ የሚነፋው ባሕር ሰው ሲወስድ ብቻ መሆኑን ከየት ይወቅ? ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ከነዘውዴ ወደ ወደቡ በረርኩ። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ወጥተዋል።

"የማን ልጅ ነው?" አለችኝ ጎረቤታችን ሚስ ዞላ።

ጀልባዎቹ ተራ በተራ ገቡ፤ የኦርቪን የለም።

የመጨረሻው እሱ ነበር። "እማዬ፣ ማን አነገሠሽ?" ብሎ ሳቀ። በጥፊ አልኩት፣ ከዚያ አቅፌው አለቀስኩ። ዛጎሉን ከሄልሙት ቀምቼ አልጋዬ ሥር ቆልፌበታለሁ።

ልጄ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ወደ ወደቡ ይሮጣል። ስትደውዪ ከሰላምታሽ በፊት ሳቂልኝ። ሳቅሽን ያብዛው።

እናትሽ ኦሊቪን