የሊያ ቢጫ ወረቀት

መጋቢት 23፣ ጠዋት

ዉድበሪ። የሥራ ቦታ ፓርኪንግ። ሂተሩን አላጠፋሁም። ሽፍት እስኪጀምር፣ ደብተሬ፣ ላንቺ ልጻፍ። ፀደይ ገባ ይባላል፤ በረዶው ግን አልሰማም።

እህቴ ሰብለ ከቦሎኛ ደወለች። እዚያ አሮጊት ትጦራለች። እኔም ደረጀን አግብቼ ወደ ሚኒሶታ ከመምጣቴ በፊት እዚያው ያንኑ ሥራ ስሠራ ነበር፤ የጣሊያን ዜግነቴንም ያገኘሁት በዚያው ነው። ዛሬ ወሬ ይዛለች። የጣሊያን መንግሥት በቅድመ አያት በኩል ዜግነት መጠየቅን ከልክሏል። እኛን ምን አገባን አልኳት። ቆይ፣ ገና ነው አለች። በበጋ መግቢያ ሕዝበ ውሳኔ አለ። የውጭ ዜጋ ለማመልከት ዐሥር ዓመት መኖር አለበት የሚለው ወደ አምስት ይውረድ ወይስ አይውረድ?

ሰብለ እዚያ ከገባች ሰባት ዓመቷ። ሊያን በሰባት ዓመቷ ይዛት ነው የገባችው፤ አሁን ልጅቷ ዐሥራ አራት ሞላት። አምስት ከሆነ ሰብለ ወዲያው ታመለክታለች፤ ሊያም ዐሥራ ስምንት ሳይሞላት በእናቷ በኩል ዜጋ ትሆናለች። ዐሥር እንደሆነ ከቀረ ግን፣ ወረቀቱ እስኪመጣ ሊያ ለአካለ መጠን ትደርሳለች። የእናቷ ወረቀት አይሸፍናትም። ለብቻዋ እንደ አዲስ ትጀምራለች።

ሰብለ ደስ ብሏታል። እኔ ግን ተስፋ ሲመጣ እፈራለሁ፤ ጠባዬ ነው።

ያው ቀን፣ የምሳ ዕረፍት

የምንከባከባት የአንዷ አሮጊት ልጅ መጣች። ቅድመ አያቷ ከጣሊያን መጥቶ ሰሜን ሚኒሶታ ብረት ማዕድን ውስጥ የሠራ ነው። ሦስት ዓመት ወረቀት ስትሰበስብ ቆይታ ሰሞኑን በሩ ተዘጋባት። ልታለቅስ ምንም አልቀራት። አዘንኩላት፤ ከልቤ። ጣሊያንኛ ትችያለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት የምግብ ስሞችን ብቻ ነው አለችኝ። ሊያ እንቅልፍ ላይ ሆና የምትቃዠው በጣሊያንኛ ነው።

ሚያዝያ 14

የሮማው ጳጳስ ዐረፉ። ነፍሳቸውን ይማር፤ የኛ ባይሆኑም ደግ ነበሩ። ሰብለ የምትጦራት አሮጊት ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሳችም። ሮማ ሌላ ወሬ የለም። ሕዝበ ውሳኔውን ማንም አያነሳውም፤ ሰብለን የሚያስፈራት ይኼ ነው። ከመራጩ ከግማሽ በላይ ካልወጣ ውጤቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። አዎ ያለው ሁሉ ከንቱ።

ግንቦት 2

አሜሪካዊ ጳጳስ! ያውም ከቺካጎ። እዚህ ያሉት ካቶሊክ አሮጊቶች ተሳስመው ሊሞቱ ነው። እኔም ሳቅሁ።

ሳቄ አልቆየም። ጣሊያን ውስጥ ሥልጣን ላይ ያሉት ለደጋፊዎቻቸው ምክር ሰጥተዋል፦ አትውጡ። ቤት መቅረትም መብት ነው። ሰብለ ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ አልገባኝም። እምቢ በሉ ለምን አይሏቸውም? ወጥቶ እምቢ የሚልማ ይቆጠራል፤ ግማሹን ለመሙላት ይረዳል። የቀረ ግን ይጥለዋል። ዝም ያለ ሰው እምቢ ካለው ይብሳል ማለት ነው። ዝም አይነቅዝም እያሉ ነው ያሳደጉን። እዚያ ግን ሰው ይጎዳበታል።

ግንቦት 11

መጣ። ቺካጎ ካለው ቆንስላ፣ ወፍራም ፖስታ። ውጭ ለሚኖር ዜጋ ድምፅ መስጫው በፖስታ ቤት ነው የሚደርሰው፤ በፖስታ ቤት ይመለሳል። አምስት ወረቀት፣ አምስት ቀለም። አራቱ የሠራተኛ ጉዳይ ነው። ቢጫው የሊያ ነው። እንዲህ ነው የምለው፤ የሊያ።

ደረጀ ከሥራ ገብቶ (በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የሚያመላልስ ቫን ይነዳል) ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ አየ። ፊቱ ተለወጠ። የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻዬ ገብቷል፤ ኢንተርቪው እየጠበቅሁ ነው። በዚህ ሰዓት ለሌላ አገር ትመርጫለሽ እንዴ አለኝ። ኢሚግሬሽኖቹ ሰበብ ነው የሚፈልጉት አለ። እሱ ዜጋ ነው፤ ቢሆንም ዘጠኝ ዓመት ናይሮቢ ወረቀት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። አልቀልድበትም። እኔም በረየሁ።

ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ግንቦት 17፣ ከቅዳሴ በኋላ

ጋሽ ሙሉጌታን ጠየቅኋቸው። የቤ/ክ ሰው ሁሉ ፎርም የሚያስሞላው እሳቸው ጋ ነው፤ የኔንም እሳቸው ናቸው የሞሉት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎርሙ ላይ መርጠሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ እንዳለ አስታወሱኝ። የለም ብለን ሞልተናል። አሁን ብትመርጪ ኢንተርቪው ላይ ምን ልትይ ነው?

ቤት ገብቼ ኮፒውን አነበብኩት። አሜሪካ ውስጥ በሚደረግ ምርጫ ነው የሚለው። ደግሜ አነበብኩት። ለደረጀም አሳየሁት። አንብቦ መለሰልኝና እንዲህ አለኝ፦ “ኦፊሰሩ የፈለገውን ነው አስክ የሚያደርግሽ። ወረቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው ያለሽ ማነው?”

እውነቱን ነው። እውነቱን አይደለም። አላውቅም። ሆዴ ግን እሱን አመነ።

ግንቦት 20

ሊያ ራሷ ደወለች። ዚያ ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው። እዚያ ሳለሁ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ነው የተኛነው። ደረጀና እኔ ልጅ የለንም። እሷ ነች ያለችኝ።

ክፍል ውስጥ የጓደኞቿን ወላጆች እየቆጠረች ነው፤ ማን ይወጣል፣ ማን አይወጣም። የሁለቱ ጓደኞቿ ቤተሰቦች ባሕር ዳርቻ ሊሄዱ ነው። ጥላቻ የላቸውም ትላለች፤ ዝም ብሎ ሙቀት ስለሆነ ነው። ከዚያ ጠየቀችኝ። ላክሽ?

ልኬያለሁ አልኳት።

እልል አለች። አማርኛዋ የሚሟላው ስትደሰት ብቻ ነው። “ዚያዬ፣ የኔ ሰው አሜሪካም አለ ማለት ነው!” አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ምን አደረግሁ? አሁን መላክ ግዴታዬ ነው። ደግሞም ገና ጊዜ አለ። ግንቦት 28 ቺካጎ ከደረሰ ይቆጠራል።

ግንቦት 24፣ ንጋት

ዛሬ። ወስኛለሁ። ደረጀ ከመነሳቱ በፊት መሳቢያውን ከፈትኩ። ቢጫው ላይ “ሲ”፣ አዎ፣ በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ትንሿ ፖስታ ውስጥ፣ ከዚያ ትልቋ ውስጥ። አሸግሁ። ኮራሁ!

ሥራ ስሄድ ሴንትራል ጎዳና ላይ ያለችው ሰማያዊ የፖስታ ሣጥን ውስጥ እጥለዋለሁ።

ያው ቀን፣ ማታ

አልጣልኩም።

ሣጥኑ አጠገብ መስተዋቷ የጠቆረ መኪና ቆማለች። ሞተሯ ይሠራል። ውስጧ ያለው አይታይም። ባለፈው ሳምንት ከኛ ጎን ካለው አፓርትመንት አንድ ሰው ሥራ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ኢሚግሬሽን ይዞት ነው ይባላል። እኔ ግሪን ካርድ አለኝ። አንድም ጥፋት የለብኝም። ይህን ለራሴ እየነገርኩ ነበር፣ በአፌ፣ ድምፅ አውጥቼ። ስሜ፣ አድራሻዬ፣ የጣሊያን መንግሥት ማኅተም ፖስታው ላይ። አንድ ሰው ቢያነሳውስ? አንድ ሰው ቢመዘግበውስ?

አለፍኩት። ዞሬ መጣሁ። መኪናዋ አለች። ደግሜ አለፍኩት። ከዚያ አንዲት ሴት ከዳቦ ቤቱ ኬክ ይዛ ወጣችና መኪናዋ ውስጥ ገባች። ባሏ ኖሯል የሚጠብቃት። እሷ ከሄደች በኋላም የመኪናዬን መስኮት አላወረድኩም። ሥራ ረፈደብኝ አልኩ። አልረፈደብኝም ነበር።

ነገ።

ግንቦት 26

ነገ እያልኩ ዛሬ ደረሰ። አሁን ብልከው በጊዜ አይደርስም። በፈጣን ፖስታ ይደርስ ነበር፤ ግን ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ ስሜን መናገር አለብኝ። አልሄድኩም። እራት ላይ ከደረጀ ጋር ስለ መኪናው ፍሬን አወራን።

ግንቦት 28

አለፈ። ፖስታውን ቀዳድጄ ከቡና አተላ ጋር ጣልኩት። ከዚያ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? እፎይ አልኩ። ትከሻዬ ወረደ። በደንብ ተኛሁ። ይኼን የምጽፈው ላንቺ ብቻ ነው።

ሰኔ 2

ወደቀ። ከመራጩ ሲሶው እንኳ አልወጣም። ከወጡት ውስጥ ብዙዎቹ አዎ ብለዋል፤ ምን ዋጋ አለው። ሰብለ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ ሂሳብ ሠራሁ፦ የኔ አንድ ድምፅ ምንም አይለውጥም ነበር። ምንም። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት። ባሕር ዳርቻ የሄዱትም ሁሉ ይህንኑ እያሉ ይሆናል።

ሊያ አላለቀሰችም ትላለች እናቷ። በሩን ዘግታ ተቀምጣለች።

ሰኔ 5

ሊያ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። ሁለቱን ጓደኞቿን ባሕሩ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀቻቸው፤ ደስ ይል ነበር አሏት። እሷም ደስ አለኝ አለቻቸው። ከዚያ እኔን አመሰገነችኝ። ቢያንስ ዚያ ወጥታለች አለች። መልካም ፈተና ብዬ ዘጋሁ።

መስከረም 25

የክፍሏ ልጆች ለንደን ሊሄዱ ነው። ጣሊያኖቹ ፓስፖርታቸውን ይዘው ይሳፈራሉ። ሊያ ቪዛ ያስፈልጋታል፤ ቀጠሮው ጉዞው ካለፈ በኋላ ነው የተገኘው። አስተማሪዋ እኛ ስንመለስ ፎቶ እናሳይሻለን አለቻት፤ ልታጽናናት ነው። ሰብለ ነገሩን እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ያ ሳቅ አስፈራኝ።

ጥቅምት 18፣ ከኢንተርቪው መልስ

አለፍኩ!

ሌሊቱን ላብ በላብ ሆኜ አደርኩ። ደረጀ ቫኑን አቁሞ ከውጭ ጠበቀኝ። ኦፊሰሩ ወጣት ነው፣ ጉንጩ ቀይ። ጥያቄዋ ደረሰች፦ አሜሪካ ውስጥ መርጠሽ ታውቂያለሽ? የለም። ቀጠለ። በቃ። ሌላ የለም። መጨረሻ ላይ የጣሊያን ፓስፖርቴን አገላብጦ ፈገግ አለ። በሚያዝያ ሊያገባ ነው፤ ለጫጉላ ወደ ጣሊያን ሊሄዱ ነው። ቦሎኛ ይሻላል ወይስ ፍሎረንስ አለኝ።

ቦሎኛ አልኩት።

ደረጀ ሲያቅፈኝ እያለቀስኩ ነበር። ደስታ መሰለው። የፈራሁት ነገር አልነበረም። ልልከው እችል ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ እየዘፈንኩ።

ኅዳር 20፣ ከሰዓት በኋላ

ማልሁ። ሴንት ፖል፣ ትልቅ አዳራሽ፣ ትንሽ ባንዲራ። ጋሽ ሙሉጌታ ሳይቀሩ መጥተው አቀፉኝ፤ አላልኩሽም ነበር አሉኝ። ደረጀ ቪዲዮውን ለሁሉም ልኮታል።

አሁን ቤት ነኝ። የሊያ መልእክት ደረሰ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ልቅዳልሽ።

“ዚያዬ እንኳን ደስ አለሽ። አሁን አንቺ ሁለት ዜግነት አለሽ። እኔ ያደግኩበትን እንኳ አላገኘሁም ግን ምንም አይደል። አንቺ አንድ ጊዜ ለኔ ብለሽ መርጠሻል። ሰዎች ስለኔ ግድ የላቸውም ብዬ ሳስብ እሱን አስባለሁ።”

ምን ልመልስ? ልብ የሚል ምስል ልላክ? ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። እስከ ዕለተ ሞቴ ማንም። ልጅቷም ደስ እንዳላት ትኖራለች። ብነግራት ዚያ ማለቷን ልትተው ትችላለች። ከኦፊሰሩም፣ ከዚያች መኪናም በላይ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ግን ልጅቷ የምትደገፍበት ነገር የለም። እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን ትደገፍበትና ትወድቃለች።

እነግራታለሁ። ዛሬ፣ አሁን፣ ደረጀ እዚሁ እያለ። እዚያ መሽቷል፤ እሷ ግን አምሽታ ነው የምትተኛው።

ደወልኩ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ስፒከር ላይ። እስክሪብቶውን አላስቀመጥኩም። ይጠራል። ደረጀ ማን ጋ ነው አለኝ። ይጠራል።

አነሳች። ዚያ፣ አለችኝ፣ እየሳቀች። ሊያዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው አልኳት። እሺ አለች። ሳቁ ቆመ። እኔ ያን ቢጫ ወረቀት አልላክሁትም አልኳት።