ብቻዋን ያደገችው አይጥ

ሆዳሙ ጓደኛዬ፣ አማን ነህ? ፖስትካርዱ ላይ የምታየውን ሐይቅ እኔ ገና አላየሁትም። የምውለው ላብራቶሪ ውስጥ የአይጥ አንጀት በማይክሮስኮፕ ሳይ ነው።

ዛሬ አለቃዬ የሁለት አይጦች አንጀት ቁራጭ አስቀመጠልኝና «የጤነኛዋ የቱ ነው?» አለኝ። እኔ ሞኙ ቀጭኑንና ልሙጡን መረጥኩ። በሳቅ ፈረሰ። ለካ የዚያ አንጀት ባለቤት ጀርም በማይገባበት ሳጥን ብቻዋን ያደገች ናት። «ከማንም ጋር ስላልኖረች አንጀቷ ራሱን መከላከል አልተማረም፤ ትንሽ ኢንፌክሽን ይጥላታል» አለኝ። የሌላዋ ወፈር ያለ ነው፤ ከእህቶቿ ጋር እየተጋፋች፣ ያገኘችውን እየበላች፣ እየታመመች እየዳነች አድጋለች።

የእናንተ ቤት ትዝ አለኝ። ስድስት ሆነን አንድ ሳህን ስንከብ እናትህ «እጃችሁን ታጠቡ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ማን ሰምቷቸው! ሊታጠብ የሄደ ሲመለስ የሚያገኘው ባዶ ሳህን ነው፤ ያውም አንተ እያለህ።

እዚህ ሁሉም የየራሱን ምሳ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ ይበላል። ምግቡ መጀመሪያ ሆዴን ረብሾት ነበር፤ አሁን ለምዶታል። እኔ ነኝ ያልለመድኩት። በአይጦቹ ሳጥን አጠገብ ሳልፍ «አይዟችሁ» እላለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በራሴ ቋንቋ የምናገረው እሱን ብቻ ነው።

ካርዱ ሞላ። ወንድሞችህን ሰላም በልልኝ፤ የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። አሁን ሁሌ እጄን በሳሙና ታጥቤ እንደምበላ ንገራቸው። ረጋ ብዬ ነው የምታጠበው፤ የሚሻማኝ የለም።