ለሰው ሁሉ ሲሰፉ የኖሩት ወይዘሮ ኦሊቭ ኩልታርድ

ወይዘሮ ኦሊቭ ኩልታርድ ከማዕድን ቆፋሪው ከአቶ ጆሴፍ ፒርትና ከወይዘሮ ሃና ሬይን፣ በዊርዴል ሸለቆ በሪድሆፕ መንደር፣ እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1937 ወደዚህ ዓለም መጡ። አዋላጇ ደጅ ስትደርስ ሴት አያታቸው በር ከመክፈታቸው በፊት የሮጡት ወደ ሣጥኑ ነበር ይባላል። ሁለት ጨርቅ በመሃሉ ሱፍ ተደርጎበት በእጅ የተሰፋው የቤቱ ምርጥ ብርድ ልብስ አልጋው ላይ ሳይነጠፍ አዋላጅ አትገባም። አዋላጅ፣ ሐኪም ወይም ቄስ ሲመጣ ይወጣል፤ ሲሄዱ ተጣጥፎ ይመለሳል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የእናንተም እናቶች እንደዚሁ ነበሩ።

ሹራብ መሥራት የጀመሩት በአምስት ዓመታቸው ነው። አያታቸው ቀበቶ ላይ የሚሰካ፣ ከእንጨት የተሠራ የሹራብ መርፌ መያዣ ሰጥተዋቸው ስለነበር ሲቀመጡም ሲሄዱም ይሠሩ ነበር። በመንደሩ ትምህርት ቤት ሒሳብ ይወዱ ነበር፤ ንባብም አይጠሉም። መዝሙሩን ግን መምህራቸው ራሳቸው «ኦሊቭ፣ አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» ብለዋቸዋል። በዚህ ጸሎት ቤት አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው በመምህሩ አይፈርድም።

በ1947 የበረዶ ወራት ስድስት ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድማቸው ዊልፍ ሳንባውን ታመመ። ሁለቱ ልጆች የሚተኙት የአባታቸው አሮጌ ካፖርቶች ተደርበውላቸው ነበር። በአራተኛው ቀን ሐኪሙ በረዶውን እየጣሰ ሲመጣ እናታቸው ካፖርቶቹን ገፍፈው ልጁን ምርጡን ብርድ ልብስ አለበሱት። የአሥር ዓመቷ ኦሊቭም «ለዊልፍ ነው ወይስ ለሐኪሙ?» ብለው ጠየቁ፤ በጥፊ ተመለሰላቸው። ሐኪሙ ሲሄድ ብርድ ልብሱ ወደ ሣጥኑ፣ ካፖርቶቹ ወደ አልጋው ተመለሱ። ዊልፍ ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፈ፤ ያን ጊዜ ብርድ ልብሱ አስከሬኑ ላይ ሊደረብ እንደገና ወጣ። ሐኪሙ ብርድ ልብስ ልጁን እንደማያድነው ተናግረዋል፤ እናታቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ያደጉበትን ነው ያደረጉት። ወይዘሮ ኦሊቭ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የእጅ ሥራን ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ እንደ ትልቅ በደል ቆጠሩት።

በ1952 በአሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርታቸውን ጨርሰው በመንደሩ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጠሩ። ለንግድ የተፈጠሩ ነበሩ ማለት አይቻልም። ደንበኛው ጨርቅ ሲመርጥ «ለምን ሊሆን ነው?» ብለው ይጠይቁና መልሱ ካላሳመናቸው አይቆርጡለትም ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሰባት ዓመት ሠሩ።

በ1959 ከድንጋይ ካባ ሠራተኛው ከአቶ ራልፍ ኩልታርድ ጋር በዚሁ ጸሎት ቤት ተጋቡ። በሸለቋችን የሙሽራ ብርድ ልብስ ላይ ልብ ይሰፋበታል፤ ከሙሽራ በቀር ለማንም ልብ አይሰፋም። የሚሰፉትም የጸሎት ቤቱ ሴቶች ናቸው። ለኦሊቭ ግን የሚደፍር ጠፋ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አይዳ «እኛ ሰፍተን እሷ ልትፈታው? ምነው በጤናችን!» ብለዋል ይባላል። ስለዚህ ሙሽራዋ የራሳቸውን ራሳቸው ሰፉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ለበሱት፤ በ1975 አልቆ ሲበጣጠስም ቆራርጠው ለውሻው አነጠፉለት። ለሻይ የመጡ እንግዶች ልብ በተሰፋበት ጨርቅ ላይ ውሻ ተንጋሎ ሲያዩ የሚገቡበት ይጠፋቸው ነበር። አቶ ራልፍ ግን ዝም ብለው ፒፓቸውን ያጨሳሉ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት በፍቅር የኖሩትም በዚህ ጠባያቸው ነው።

ልጃቸው ኒል በ1961፣ ሂለሪ በ1964 ተወለዱ። ወይዘሮ ኦሊቭ ከ1966 እስከ 1997 የመንደሩ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ በእነዚያ ሠላሳ አንድ ዓመታት ትምህርት ቤቱን ጨርሶ ለወጣ ልጅ ሁሉ የሱፍ ጓንት ሠርተው ሰጥተዋል። ልጁን ወጥ ቤት ጠርተው መዳፉን በዱቄት ከረጢት ወረቀት ላይ ያስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ይሥሉታል። «አትቁነጥነጥ! ስድስት ጣት ያለው ጓንት ነው እንዴ የምትፈልገው?» ሲሉ ያልሰማ የዚህ መንደር ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ሰጥተው ግን አይተዉም ነበር፤ መጥተው ያያሉ። ተረከዙ የተበላ ካልሲ ሲያዩ ደስታቸው ሌላ ነው፤ እዚያው ቁጭ ብለው ይጠግኑታል። ጨርሶ ያልተነካ ነገር ከመሳቢያ ሲወጣ ካዩ ደግሞ መልሰው ይወስዱታል። ስማቸውን የማልጠራው አንድ ቄሳችን ስለ አንገት ሹራባቸው ተጠይቀው «ለበዓል ብዬ አስቀምጬው ነው» አሉ። «አንገትዎ የሚበርደው አሁን አይደለም እንዴ?» አሏቸውና ይዘውት ሄዱ። በሚቀጥለው እሑድ ሹራቡን በቧንቧ ሠራተኛው አንገት ላይ አየነው። ቄሱ ስለ ይቅርታ ሰበኩ።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ራሷን ማስገባት ግድ ይሆንባታል። እኔ ጃኒስ የኒል ባለቤት ነኝ፤ ትውልዴ ሰንደርላንድ ነው። በ1988 ስንጋባ እማማ ኦሊቭ ስምንት ወር የፈጀ ብርድ ልብስ ሰጡን። ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ዙሪያውን የተጎነጎነ ገመድ የመሰለ ጥለት፣ መሃሉ ላይ አራት ልብ አለው። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። በዚህ ላይ ይተኛል? ብዬ በነጭ ወረቀት ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት። አንዳንድ ቀን ብቻዬን አወርድና እዳብሰዋለሁ።

በ1990 እማማ ኦሊቭ ሊጠይቁን መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ፎቅ ወጡ፤ አልጋው ላይ ከሱቅ የተገዛ አልጋ ልብስ ነበር። ሲወርዱ ብርድ ልብሱን በብብታቸው ይዘዋል።

«ይሄ ከነወረቀቱ ነው» አሉኝ።

«እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«እንዲበላሽ ነው የሠራሁት» ብለው ወጡ። በዚያው ሳምንት ላገባችው ለፖስታ አመላላሹ ልጅ ሰጧት።

ያንን ብርድ ልብስ የማያውቀው ሰው የለም። ልብ የተሰፋበት ብርድ ልብስ ከአንድ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ሲገባ በዚህ ሸለቆ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሥጋ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ታገቢያለሽ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ሦስት ዓመት የእማማ ኦሊቭን ደጅ አልረገጥኩም፤ እሑድ እሑድ ኒል ብቻውን እየሄደ ይበላ ነበር።

በ1993 ሎረን ስትወለድ የሕፃን ብርድ ልብስ ይዘው መጡ፤ እኔም በር ከፈትኩ። ከዚያ በኋላ ለሎረንና ለታናሽ ወንድሟ ለክሬግ ያልሠሩት የለም። ለኒል በየዓመቱ ሦስት ካልሲ፣ ሰንደርላንድ ላለችው ለእናቴ ሳይቀር ሹራብ ሠሩ። ለእኔ ግን ምንም። በየገናው ከሱቅ የተገዛ ሳሙና ይሰጡኛል፤ ካልወደድኩት እንድቀይር ደረሰኙ ተያይዞበታል። ሠላምታችን ጥሩ ነበር፤ ስታመም ሾርባ ያመጣሉ፣ መኪናዬ ስትበላሽ ስለ እኔ ከመካኒኩ ጋር ይጣላሉ። የእጃቸው ሥራ ግን እኔ ዘንድ አይደርስም። መለመን አልወድም፤ አልጠየቅኩም። ግን ሆዴ ያውቀዋል፤ ቤተሰቡ ፎቶ ሲነሳ ከሱቅ የተገዛ ሹራብ የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አቶ ራልፍ በ2011 ዐረፉ። ከ2016 ጀምሮ የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቻቸውን አጣመመባቸውና እማማ ኦሊቭ መርፌ መያዝ አቃታቸው። በ2018 የልብ ድካም ስለተጨመረበት ወደ እኛ ቤት መጡ። ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣና የብርድ ልብስ መወጠሪያ እንጨታቸውን ነው። ኒል ሳሎን ተከለው፤ በበጋው መጀመሪያም ሰማያዊ ጨርቅ አስወጠሩና ጠሩኝ።

«ተቀመጪ» አሉኝ።

«ምን ልሥራ?»

«ልትሰፊ ነዋ። የታመመው እጄ ነው፤ አፌ ደህና ነው።»

አፋቸው በእርግጥም ደህና ነበር። ከቁልፍ በቀር ሰፍቼ አላውቅም። አንድ ቀን ዓይናቸውን ረጃጅሙ ስፌቴ ላይ ተክለው «ይሄ ስፌት ነው የእግር ጥፍር ማጥመጃ?» አሉኝ። ሌላ ቀን መስመሬ ጠመመ ብዬ ልፈታ ስል «ተዪው፣ መንገዱም ጠማማ ነው፣ ሰው ግን ቤቱ ይደርሳል» አሉ። ሁለት ጊዜ መርፌውን ጥዬ ተነስቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሻይ አፍልቼ ተመለስኩ። «ለማን ነው?» ስላቸው «ዝም ብለሽ ስፊ» ይላሉ። ሎረን ልታገባ ስለነበር ለእሷ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚህ ዓመት ጃንዋሪ ውስጥ ጨረስኩት። ኒል ከመወጠሪያው ሲያወርደው እማማ ኦሊቭ «አልጋዬ ላይ አንጥፉልኝ» አሉ።

«ይሄን? ስፌቱን አይተውታል?» አልኩ።

«ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር በእጁ ሠርቶ ሰጥቶኝ አያውቅም።»

ኒል በሩ ላይ ቆሞ «ማን ይደፍራል እማዬ?» አላቸው።

«አንተማ ፈሪ ነህ፣ በአባትህ ወጥተህ» ብለው ሻይ እንዲያመጣ አባረሩት። ሁለታችን ብቻ ስንቀር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው «ያኔ ቸኩዬ ነበር» አሉኝ። «የናቅሽው መስሎኝ ነው።»

«ስለወደድኩት ነው ያስቀመጥኩት» አልኩ።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

«ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ከጀመርኩ አይቀር ብዬ የሆዴን አወጣሁት። «ለቧንቧ ሠራተኛው እንኳ ሹራብ ደርሶታል እማማ ኦሊቭ። ለእኔ ግን አንድ ካልሲ እንኳ የለም!»

«ሰጥቼሽ እንደገና ብታስቀምጪውስ?» አሉኝ። «ሁለተኛ አልችለውም ብዬ ፈራሁ።»

እኚህን ሴት ሠላሳ አንድ ዓመት አውቄአቸዋለሁ፤ ፈራሁ ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ «ጨርቁን አታርጥቢው» አሉኝ።

በዚያ ብርድ ልብስ ሃያ ሁለት ቀን ተኙበት። በሦስተኛው ቀን ሻይ ፈሰሰበትና በጣም ደስ አላቸው። ሐኪሟ በመጣች ቁጥር «ምራቴ ናት የሰፋችው፣ ስፌቷ አስቀያሚ ነው፣ ግን ይሞቃል» ይሏታል። እሑድ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2019 ጠዋት ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ኦሊቭ ልጆቻቸውን ኒልንና ሂለሪን፣ ምራታቸውን ጃኒስን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሎረንንና ክሬግን፣ እንዲሁም ስማቸውን ጽፈን የማንጨርሰው ባለጓንቶችን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችኋቸው፣ ዛሬም በረዶውን ሳትፈሩ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ከቀብሩ በኋላ በአዳራሹ ሻይና ዳቦ በሥጋ ተዘጋጅቷል።

የአስከሬን ሣጥናቸውን ምንም ሳይደረብበት ስታዩ፣ በአገሩ ወግ የቤቱ ምርጥ ብርድ ልብስ ለምን አልተደረበላቸውም ብላችሁ ትታዘቡን ይሆናል። ቸል ብለን አይደለም። ከማረፋቸው አራት ቀን በፊት እኔን፣ ኒልንና ነርሷን አልጋቸው አጠገብ አቁመው «እኔ ላይ እንዳታደርጉት። የጃኒስ ነው፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት» ብለዋል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ስጦታ ደርሶኛል። አሁን አልጋችን ላይ ነው፤ የሻዩ ምልክት አልለቀቀም፣ እንዲለቅም አልፈልግም። እማማ ኦሊቭ፣ በጣም ይሞቃል። እግዚአብሔር ነፍስዎን ብርድ በማይገባበት ቤቱ ይቀበልልን።