የአያልነህ ደመና

ኅዳር 15 ቀን 1951
ሒሳብ ተፈተንን። ሁለት ሳትኩ። ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ ላሞቹ ተሰማርተዋል... ወንድሜ አያልነህ በንዳድ ካረፈ ሃያ አምስት ቀኑ።
ከአዲስ አበባ ያመጣውን ሳጥን ከፍቼ መስታወቷን አየሁ። ኮሌጅ ሳለ፣ በትልቁ የኮከብ መነጽር፣ ራሱ መስታወት ላይ ያነሳት ፎቶግራፍ። ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቦቹ ጥቁር ነጠብጣብ፣ መሃሉ ላይ እንደ ጭስ የተበተነ ነገር።
ታሞ ተኝቶ ሳለ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ "ተገልብጣ ነው የምትወጣው። ጥቁሩን ብርሃን አድርገህ አስብ። የኮከብ ደመና ነው። ስድን የወረታን ሰው ሰብስበን እናሳያለን።"
አልዳነም።

ኅዳር 17
የነፍስ አባታችን አባ ማረው መጡ። አልተቀመጡም።
"እማዋይሽ፣ ልጅሽ በኮከብ ይጠነቁል ነበር ይላሉ። እውነት ከሆነ ለተዝካሩ አልቆምም።"
እማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ ነኝ የጮህኩት። "ፎቶግራፍ ነው አባ! አሳይዎታለሁ!"
"ለኔ ብቻ? ሲያማ የከረመው ሁሉ ይየው።"
ተዝካሩ ኅዳር 30። መምህር ደሞዝ ክፍላችንን ፈቀዱልኝ። እሑድ 28፣ ከቅዳሴ በኋላ።

ኅዳር 19
እማ መስታወቷን አጠበቻት።
በአመድ! ፈትጋ ፈትጋ። "የልጄ ዕቃ ከነእድፉ ሰው ፊት አይቀርብም ብዬ..." አለች። ጥርት ያለ መስታወት ይዛ።
ምን አልኳት? እዚህ አልጽፈውም።
ከፎቶግራፉ ጠርዟ ላይ ጥፍር የምታህል ቀርታለች። ሦስት ነጠብጣብ።

ኅዳር 20
እማ እህል አልቀመሰችም።

ኅዳር 24
የሱን ጠርዝ ትቼ፣ ያችኑ መስታወት በኩራዝ ጭስ አጠቆርኳት። ኮከቦቹን በግራር እሾህ ጫርኩ። ደመናው ግን እምቢ አለ። በጣቴ ስነካው ይላጣል። ሦስት ጊዜ ጠርጌ ጀመርኩ።
እማ ለካ ከኋላዬ ቆማለች። የዶሮ ላባ አቀበለችኝ።
"በዚህ። ቀስ ብለህ።"
ከዚያች ቀን ወዲህ የተነጋገርነው ይኸው ነው።
የሱ ናት ብዬ ላሳያት? ወይስ...

ኅዳር 28
ክፍሉ ሞላ። መስኮቶቹን ዘጋን። በምሥራቁ መስኮት መስታወቷን አቁሜ ዙሪያዋን በጋቢ ደፈንኩ። ፀሐይ መታቻት። ጥቁሩ መሃል ደመናው ፈካ።
"ወይ ጉድ!"
ሸማኔው ገሰሰ ከኋላ፣ "የኔ ጥጥ ነው፣ መልሱልኝ!" ሳቁ። አባ አልሳቁም።
"አያልነህ ያነሳት ይህች ናት?"
አዎ ብል ማን ያውቃል?
"አይደለችም አባ። የሱ ጠፍታለች። እኔ ነኝ አስታውሼ የሳልኳት። የሱ ጠርዟ ላይ ያሉት ሦስት ነጠብጣቦች ብቻ ናቸው።"
ጉምጉምታ። እማ ተነሳች።
"እኔ ነኝ ያጠብኳት አባቴ። እድፍ መስሎኝ።"
አባ ጠጋ አሉ። "የሰው ዕጣ ትናገራለች?"
"አትናገርም። ታበራለች እንጂ" አልኩ።
ጣታቸው ሳያውቁት ከኮከብ ኮከብ ይሄዳል። "...አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት..."
"አባ፣ እርስዎም ኮከብ መቁጠር ጀመሩ?" አለ ገሰሰ።
ጣታቸውን ሰበሰቡ። "ዋሽተህ ቢሆን አልመጣም ነበር" አሉኝ። "ማክሰኞ እመጣለሁ።"

ታኅሣሥ 3
ተዝካሩ አለፈ። ጸሎቱን አባ ራሳቸው መሩት።
ዛሬ እማ የፋኖሱን ብርጭቆ ልታጥብ አመድ ዘግና ቆመች። ጥላሸቱን ወደ ብርሃን አዙራ ብዙ አየችው። ከዚያ ጠራችኝ።
"ይህስ... የሱ ነገር የለበትም?"
"የለበትም እማ። እጠቢው።"