በበግ ገበያው «እጀ ሚዛን» ይባሉ የነበሩት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከቆዳ መጋዘን ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ከበግ ገበያው አጥር ጋር የተጣበቀች አንድ ክፍል ነበረች። በጎቹ ሲተሻሹ ግድግዳው ይነቃነቅ ነበር ይባላል። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ከሳቸው ስምንት ዓመት የሚያንሱ አንድ ወንድም ነበሯቸው። እኚህ ወንድማቸው፣ ማለትም አጎቴ፣ አሁን በመካከላችን ተቀምጠዋል።

ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታተሉ። በ1954 ዓ.ም. አባታቸው ስለሞቱ ትምህርቱን ትተው በዚያው ቆዳ መጋዘን ተቀጠሩ። ወንድማቸውን ግን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተማሩ። የደንብ ልብሱን ገዝተው ራሳቸው በተቀደደ ጫማ ይሄዱ እንደነበር እናታችን ደጋግመው ነግረውናል፤ እሳቸው አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም።

በመጋዘኑ ሥራቸው እርጥብ ቆዳ በጨው እያሹ መዘርጋት ነበር። የደለበ በግ ቆዳና የከሳ በግ ቆዳ ሲዳሰስ እንደሚለይ ጣታቸው የተማረው እዚያ ነው። በ1964 ዓ.ም. ከመጋዘኑ ወጥተው በጓሮ ጠቦት ማደለብ ጀመሩ። ፉርሽካውን የሚያቀርቡላቸውን ባለ መኖ ቤቷን ወጣት በ1968 ዓ.ም. አግብተው አራት ልጆች አፈሩ። እናታችን «መጀመሪያ የወደዱት ፉርሽካዬን ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ይህን የጻፍኩት የመጨረሻዋ ልጃቸው ነኝ።

በገበያው የአባታችን ስም የገነነው በመሸጥ ብቻ አይደለም። ሻጭ «ደልቧል» ገዢ «ከስቷል» ብለው ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። «ጠጉር ይዋሻል፣ ሆድ ይዋሻል፣ ላት እንኳ ይዋሻል፤ ወገብ ግን አይዋሽም» ይሉ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ከመጨረሻው ጎድን ጀርባ ያሳርፋሉ። አጥንቱ እንደ ጭብጥ እጅ አንጓ ከቆረቆራቸው «ይመለስ»፣ እንደ እጅ ጀርባ ከሆነ «አንድ ወር ይቀረዋል»፣ ከአውራ ጣት ሥር እንዳለው ሥጋ ከሆነ «ደርሷል» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። ለዚህ ዳኝነታቸው ከማንም ምንም አይቀበሉም ነበር። ልጅ ሲያቅፉ እንኳ እጃቸው ወገብ ላይ ይሄዳል፤ የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ «አንድ ወር ይቀረዋል» ተብለው ያደጉ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አያደርጉም ነበር። አጎቴ በ1985 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤት ተቀንሰው ወደ በግ ንግድ ሲገቡ፣ በመጀመሪያው ገበያ አባታችን እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ጠቦቱ ሰደዱ። አጎቴ «ጋሼ፣ የኔንም ትዳስሳለህ?» አሏቸው። አባታችን እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድማቸውን በግ ነክተው አያውቁም፤ በወንድማቸው ቃል ብቻ ያምኑ ነበር። እናታችን «ከዘመድ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትነግድ» ቢሏቸው «ወንድሜን በጣቴ ልመዝን እንዴ?» ብለው ተቆጡ። በሕይወታቸው የተሳሳቱት ይህንኑ ነው።

እህት ወንድሞቼ የሚከተለውን ከወረቀቱ እንዳወጣው ለምነውኛል። በለቀስተኛ ፊት ነውር ነው ብለዋል። ነውሩ የማን እንደሆነ ሰምታችሁ ፍረዱ።

በ2005 ዓ.ም. ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ወጥ ቤቶች በግ የሚያቀርብ አንድ ትልቅ ነጋዴ የአጎቴን አርባ ጠቦቶች ለመግዛት መጣ። «እጀ ሚዛን ካሉ ይበቃኛል» ብሎ መኪናውን ሊያስጠጋ ሄደ። እኔ የተሸጡትን በጎች በቀይ ቀለም ምልክት ላደርግ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አባታችን እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደቆሙ፣ አንዱንም ሳይነኩ፣ «የወንድሜ ናቸው፤ ደርሰዋል» አሉ።

ለካ ጠቦቶቹ የደለቡ እንዲመስሉ በዋዜማው በአጎቴ እጅ ጨው ልሰው፣ ሲጠማቸው ውኃ እስኪወጠሩ ጠጥተው ነው የመጡት። ሆዳቸው ከበሮ አክሎ ነበር። መንገድ ላይ ተቅማጥ ያዛቸው፤ ስምንቱ መኪናው ላይ ሞቱ፤ የተረፉት ቆዳና አጥንት ሆነው ወረዱ። ነጋዴው በሁለተኛው ቀን ተመልሶ በገበያው በር ላይ፣ እናንተ ሁላችሁ በቆማችሁበት፣ «እጅዎን አሳርፈውባቸዋል ወይስ አላሳረፉም?» ብሎ ጮኸባቸው።

አባታችን አጎቴን አዩዋቸው። አጎቴ ጫማቸውን አዩ። አባታችንም «አሳርፌያለሁ» አሉ።

አልነኳቸውም ነበር። አልነካሁም ቢሉ ወንድማቸው በዚያው ሰዓት ከገበያው ይባረራሉ፤ ስለዚህ ያልሠራውን እጃቸውን ወነጀሉት። ከዚያ ወዲያ «እጀ ሚዛን» ቀርቶ «እጀ ደነዝ» ተባሉ። ጉቦ በልተው ነው ያላችሁም አላችሁ። ፊታችሁን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ነጠላ አጣፍታችሁ ከፊት ተቀምጣችኋል። በቁማቸው ያልጠየቀ ሁሉ ዛሬ ደረት ይመታል። እኔ በዚያን ቀን ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ይዘው «ሆድ ይፍጀው» አሉኝ። የሳቸው ሆድ ፈጅቶታል፤ የኔ ግን አልፈጀውም።

ስድስት ወር ሳይሞላ በገበያው በር ላይ የዳኝነቱን ቦታ አጎቴ ያዙት። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳስሳሉ። ዓይን ያወጣ ማለት ይኼ ነው! አባታችን ግን ጠቦቶቻቸውን የሚገዛቸው አጥተው፣ በእናታችን መኖ ቤት የፉርሽካ ጆንያ አፍ ሲሰፉ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሩ። መኖ ቤቱ ከገበያው በር ፊት ለፊት ስለሆነ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጡ ነበር። እናታችን በ2011 ዓ.ም. ሲያርፉ ወንበሩ እንደዞረ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆዩ። ሰውነታቸው አለቀ። ሐኪሙ ሊመዝናቸው ሲል የራሳቸውን ክንድ ዳስሰው «ይኼ ለገበያ አይወጣም፤ አትልፋ» ብለው አሳቁት። ባረፉበት ሳምንት አጎቴ ሊጠይቋቸው መጡና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አባታችን እጃቸውን በወንድማቸው ኮት ሥር ሰደዱና ጀርባቸውን ዳሰሱ። «ከስተሃል፤ ምን ነካህ?» አሏቸው። አጎቴ አለቀሱ። ዛሬስ ይወጣላቸዋል ብዬ ብቻቸውን ትቻቸው ወጣሁ። ስመለስ የሚያወሩት ስለ መኖ መወደድ ነበር።

አጎቴ ከሄዱ በኋላ አባቴ «ይናገራል ብዬ ነበር» አሉኝ። ሆድ ይፍጀው ያሉት ሰው ያችን አንዲት ቃል አሥራ ሁለት ዓመት ሲጠብቁ እንደኖሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ ይቅር ብለዋቸው የጨረሱ መስሎኝ ነበር።

አባታችን መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ በቤታቸው አረፉ። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ወንድማቸውን ከዝርዝሩ ልፍቃቸው አስቤ ነበር፤ አባቴ ግን አይወዱትም።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን። ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጠን፤ ለወንድማቸው ግን አንደበት ይስጣቸው።