ዋንዛው ሳንቃ ላይ የቀረችው ጉድጓድ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ገብረወልድ፣ ከልጅዎ ከደግፌ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እግርዎን የዘንድሮ ክረምት እንዴት አደረገው? እማዬስ ወገቧን ተሻላት ወይ? ላሚቱስ ወለደች? ይህን የምታነብልዎ እህቴ ሰብሌስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ከሰጋቱራው ብናኝ በቀር የሚያስነጥሰኝ ነገር የለም።

ከወሬው ሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። በሙሐዲን አይሱዙ የላኩልኝን የዋንዛ ሳንቃ እንዲህ አድርጌ ስላስተካከልኩት፣ ላዩ ላይ ጠብ ያደረግኳት ውሃ በየት በኩል እንደምትፈስ ግራ ገብቷት ሦስት ቀን ሙሉ ቆማለች። እሺ፣ ሦስት ቀን አልቆመችም። ምሳ በልተን እስክንመለስ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ለምን በስልክ አልነገረንም እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክ ሳቄ ይቀድመኛል። ደግሞስ ስምንት ወር ሙሉ ማታ ማታ ፊደል የቆጠርኩት ለማን ብዬ ነው? አስተማሪያችን ጽጌማርያም፣ አንተ ከምትጽፈው የምታወራው ይበልጣል ትለኛለች፤ ቅናት ነው። አሁን የሱቅ ታፔላ ይሁን የታክሲ ጥቅስ፣ የሐኪም ማዘዣም ቢሆን አይቀረኝም፤ ሁሉንም አነባለሁ። ማዘዣው ላይ ዋሽቻለሁ፤ እሱን የጻፈው ሐኪምም አያነበው።

ወደ ሳንቃው ልመለስ። ለአራት ተሸክመን ነው ወርክሾፕ ያስገባነው። አሥራ ስድስት ዓመት ቆጥ ላይ ተኝቶ ጠሟል፤ በአንዱ ጫፍ ስቀመጥ ሌላው ጫፍ ብድግ ይላል። የአጎቴን የፍቅረማርያምን ስም ስጠራ ፊትዎ እንደሚጨልም አውቃለሁ፤ ግን የምሠራው እሳቸው ዘንድ ስለሆነ መዝለል አልቻልኩም። እጃቸውን ሳንቃው ላይ አሻሹና፣ የወንድሜ ጥርብ ነው አሉ። ከዚያ ወጥተው ደጅ ቆዩ።

እኛ እዚህ እንደ እርስዎ በመጥረቢያ አንጠርብም። ከሳንቃው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጥ ያሉ ብረቶች እንደ ባቡር ሐዲድ እንዘረጋለን። በእነሱ ላይ የሚንሸራተት ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ደግሞ ሩተር የሚባል፣ ከሆዱ ሥር ጥርሱ የሚሽከረከር ማሽን ተሸክሟል። እኔ ወዲያና ወዲህ እገፋዋለሁ፤ ጥርሱ ጉብታውን ይልጣል፣ ጎድጓዳውን ሳይነካ ያልፋል። የመጀመሪያ ቀን የእኔ ዓይን ውሃ ልክ አይሻም ብዬ ብረቶቹን በግምት ዘረጋሁ። ማሽኑም የብረቶቹን ጠማማነት አንድ ሳያጎድል ሳንቃው ላይ አኖረልኝ። አጎቴ ውሃ ልኩን አስቀምጠው አዩና፣ ዓይንህም እንደ አፍህ ያጋንናል አሉኝ። ሠራተኛው ሁሉ እስካሁን በዚህ ይስቅብኛል። ከዚያ በኋላ ብረቶቹን በሽብልቅ ከፍ ዝቅ እያደረግን፣ በውሃ ልክ ነው የሠራነው።

ከመጀመራችን በፊት ሳንቃው ሙሉ በሙሉ በእርሳስ ይሞነጫጨራል፤ እርሳሱ ሁሉ ተልጦ ሲጠፋ ተስተካከለ ማለት ነው። ሌላው ሰው መስመር ይሞነጭራል። እኔ የተማርኩ ሰው ምን በወጣኝ! የቤታችንን ሰው ስም ጻፍኩበት። በመጀመሪያው ዙር የእማዬ ስም ሰጋቱራ ሆነ፤ በሁለተኛው የሰብሌ፤ በሦስተኛው የእርስዎም ሄደ። የቀረው ያቺ ጉድጓድ ውስጥ የጻፍኩት የእኔ ስም ብቻ ነው።

ጉድጓዷን ያውቋታል። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት መስቀል ሊደርስ ሲል፣ አጎቴን ከአዲስ አበባ እየጠበቁ ይህንኑ ሳንቃ ለገበታ ይጠርቡ ነበር። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ፣ አጎቴ መጡ ብዬ ጮህኩ። ደስ ብሎዎት ዞር ሲሉ መጥረቢያው ሳንቃውን ቦድሶ እግርዎ ላይ አረፈ። አጎቴ ግራጫ ኮፍያቸውን ደፍተው ከእንሰቱ አጥር ማዶ ቆመው ነበር፤ ጩኸትዎን ሲሰሙ ወደ መጡበት ተመለሱ። ይህን ያኔውኑ ነግሬዎታለሁ። እርስዎም፣ ወንድሜ ደሜን አይቶ ጥሎኝ ሄደ ብለው ከዚያ ወዲህ አላነጋገሯቸውም። እሳቸው ያን ሳምንት ታይፎይድ ይዞኝ ከአልጋ አልወረድኩም ብለው ሽማግሌ ቢልኩም አላመኗቸውም።

አሁን ጉድጓዷን ለማጥፋት ሁለት ዙር ይበቃል፤ ሳንቃው ወፍራም ስለሆነ አይሳሳም። አጎቴም፣ በል ሥራውን ጨርስ አሉኝ። እኔ ግን ማሽኑን አጠፋሁት። አባቴ ሳይወስኑ አልነካትም አልኳቸው። ትጥፋ ወይስ ትቅር? ለመስቀል ገበታውን ይዤ ስመጣ ብቻዬን ልምጣ ወይስ አጎቴን አስከትዬ? ሙሐዲን ሲመለስ ቃልዎን ይዞልኝ ይመጣል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ቆጮውን ከአሁኑ ታዘጋጅ፣ ዘንድሮ የምበላው ለሁለት ሰው ነው። ጎረቤታችንን ወይዘሮ ሉሲን፣ ደግፌ ማንበብ ቻለ በሏት፤ ለእማዬ፣ ልጅሽ መቼም አይችልም ብላት ነበር። ለላሚቱም ሰላምታ፣ ከወለደች ለጥጃዋም። ሰብሌ፣ አንቺን በዓይነ ሥጋ ያገናኘን፤ ከዚህ በታች ያለውን ግን ድምፅሽን ሳትቀንሺ፣ አንድም ቃል ሳትዘልዪ አንብቢላቸው።

አባባ፣ ስለ ውሃዋም ስለ ማዘዣውም ያጋነንኩትን እዚያው መልሼዋለሁ። አንድ ያልመለስኩት አለ። ያን ቀን ከእንሰቱ አጥር ማዶ ኮፍያ የደፋም ያልደፋም ሰው አልነበረም። አጎቴ መጡ ያልኩት በደስታ ሲዘሉ ለማየት ነው። ኮፍያውን የጨመርኩት ደምዎን አይቼ ስለፈራሁ ነው። ለአጎቴም ገና አልነገርኳቸውም፤ መጀመሪያ ለእርስዎ ብዬ ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.